ቦርሳ መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው፦ የቤተሰብ የእግር ጉዞ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ ልጆቹን ይዞ መውጣት የሚፈልገው ሰው በየአመቱ እየበዛ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። የዚህ ወር ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፣ ሁሉም በሆነ መንገድ ስለ ቦርሳና ስለሚያዝ ዕቃ ይጠይቃሉ። የምናወራው ጠዋት ተወጥቶ ማታ ቤት ስለሚገባበት ጉዞ ነው፣ ድንኳን ተክሎ ማደር ሌላ ነገር ስለሆነ ዛሬ አልነካውም። አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም፣ የትም ብትሄዱ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዛው ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ይሄ ከዕቃው ሁሉ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። እኔና ባለቤቴ ሶስት ልጆች አሉን፣ 13፣ 9 እና 4 አመታቸው ነው። አንኮበር ቤተ መንግስቱ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥተን ልጆቹ በጣም ስለወደዱት አሁን ወፍ ዋሻ ጫካ ልንወስዳቸው ነው። እስካሁን የሚይዙት የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ነው፣ ትልቁ ትከሻዬን አመመኝ ይላል፣ የ9 አመቷ ደሞ ግማሽ መንገድ ላይ አባዬ ያዝልኝ ትላለች። አንድ ጓደኛዬ ባለ 50 ሊትር ቦርሳ ገዝተህ ሁሉንም ራስህ ተሸከመው አለኝ። ስንት ሊትር ይበቃናል? ለልጆቹስ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሱቅ ከመሄድህ በፊት ከጉዞው ቀደም ብለህ አንድ ማታ ሳሎን ላይ ምንጣፍ ዘርጋና የምትይዙትን ነገር በሙሉ እዛ ላይ ደርድረው፣ ውሃውን፣ ምግቡን፣ ሹራቡን፣ ጃኬቱን፣ ሁሉንም። ቦርሳ መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው። መጀመሪያ ቦርሳ የገዛ ሰው ወይ ትልቅ ገዝቶ የማያስፈልገውን ሁሉ ይሞላበታል፣ ወይ ትንሽ ገዝቶ ጃኬቱን ቤት ጥሎ ይወጣል፣ ሁለተኛው ደሞ በናንተ አካባቢ በጣም አደገኛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም ሽቅብ ሲነሳ ብርዱ እንዴት እንደሚመጣ አንተ ታውቀዋለህ።

ከውሃው እንጀምር ምክንያቱም ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። አዋቂ ሰው በደህና እርምጃ ሲሄድ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ 5 ሰዓት የእግር መንገድ ብታስቡ ለአንተ 2.5 ለባለቤትህ 2.5፣ ለ13 አመቱ ወደ 2፣ ለ9 አመቷ 1.5፣ ለትንሿ 1 ሊትር ያዝ፣ ድምሩ 9.5 ሊትር ይመጣል፣ አንድ ሊትር ውሃ ደሞ አንድ ኪሎ ነው። ምግብና ልብስ ሳይገባ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፣ የጓደኛህን ሀሳብ ያልደገፍኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የሁሉም ሰው ጃኬት አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ቦርሳውን የያዘው ሰው 200 ሜትር ቀድሞ ከሄደ ወይም ጫካው ውስጥ መንገድ ከተለያያችሁ ዝናብ ላይ ያለው ልጅ እጁ ላይ ምንም ነገር የለውም። ልጅ ቢያንስ ቢያንስ የራሱን ጃኬት፣ የራሱን ውሃና ፊሽካ ራሱ ጀርባ ላይ መያዝ አለበት።

ስለዚህ የኔ ምክር እንዲህ ነው፣ ለአንተና ለባለቤትህ ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ አንዳንድ ቦርሳ፣ ለትልቁ 15 ሊትር አካባቢ፣ ለሁለተኛዋ 8 ወይም 10 ሊትር፣ ለትንሿ ምንም። ትንሿ ቦርሳ ካላዘልኩ ብላ ካለቀሰች አንድ ፎጣ ከተህ ስጣት፣ ግን የ4 አመት ልጅ መንገዱን ሁሉ በእግሯ አትጨርስም፣ አንዳችሁ እንደምትሸከሟት ከወዲሁ አስባችሁ የአንዳችሁን ቦርሳ ቀለል አድርጉት፣ እናቷ ጠንካራ ነጠላ ወይም አንቀልባ ትያዝ።

ለልጆች ክብደቱን የምትለካው ከልጁ ኪሎ ነው። ቦርሳው ራሱን ጨምሮ ከልጁ ክብደት አንድ አስረኛ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ታዳጊ ከሆነ እስከ 15 በመቶ ድረስ ይችላል ከዛ በላይ ግን አይሁን። ልጅህ 26 ኪሎ ከሆነች 2.6 ኪሎ ማለት ነው፣ 1 ሊትር ውሃ፣ ጃኬት፣ ትንሽ ቆሎ ስትጨምርበት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የትምህርት ቤት ቦርሳ ደሞ አንዳንዱ ባዶውን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አባዬ ያዝልኝ የምትለው ሰንፋ አይደለም፣ ቦርሳው ለሷ ትልቅና ከባድ ሆኖባት ነው የሚመስለኝ።

የትልቁን ቦርሳ ግን ከመጣልህ በፊት አንድ ነገር እይ። ልጆች የትከሻ ማንገቻውን እስከ መጨረሻው አርዝመው ቦርሳውን መቀመጫቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት፣ እንደዛ ሲሆን ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ልጁ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ትከሻውና አንገቱ የሚያመው ከዛ ነው። ማንገቻውን አሳጥረህ ቦርሳው ጀርባው ላይ ልጥፍ እንዲል፣ ታቹም ከዳሌ አጥንቱ እንዳይወርድ አድርግ። ቀጥሎ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰደውና ሁለቱን ማንገቻዎች ደረት ላይ የሚያያይዝ ዘለበት ያለው ማሰሪያ ያሰፋልህ፣ ቀላል ስራ ነው፣ ማንገቻው ከትከሻው እየተንሸራተተ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክል እንዳይውል ያደርጋል። ከዛ ከባዱን ነገር፣ ማለትም ውሃውን፣ ወደ ጀርባው አስጠግተህ መሃል ላይ፣ ቀላሉን ወደ ውጭና ወደ ታች ክተተው። ይሄ ሶስቱ ተደርጎ ህመሙ ከጠፋ ለሱ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፣ ገንዘቡ ለጫማ ይዋል።

ለአንተና ለእናታቸው ግን የወገብ ቀበቶ ያለው ብትገዙ በጣም እመክራለሁ። ቀጭን የገመድ ቀበቶ ሳይሆን ስፖንጅ ያለው፣ ዳሌ አጥንት ላይ የሚያርፍ። በደንብ ሲታሰር አብዛኛው ክብደት ከትከሻ ወርዶ ዳሌና እግር ላይ ይሆናል፣ እግር ደሞ ለመሸከም የተፈጠረ ነው። ልክህን ለማወቅ አንገትህን ወደ ፊት ስበር፣ ከኋላ ጎላ ብላ የምትወጣ አጥንት አለች፣ ከሷ እስከ ዳሌ አጥንትህ ጫፍ ባለቤትህ በሜትር ትለካልህ፣ የቦርሳው ጀርባም ከዚሁ ጋር መስማማት አለበት። ሁለት ቁመታቸው እኩል የሆነ ሰዎች የጀርባቸው ርዝመት ሊለያይ ይችላል፣ ለዛ ነው የጓደኛን ቦርሳ አይቶ ያንኑ መግዛት የማያዋጣው።

ሱቅ ስትሄድ ባዶ ቦርሳ አትሞክር። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሁለት ይዘህ ሂድ፣ ከተህ አዝለህ ደረጃ ካለ ውጣ ውረድ፣ ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ታገሰው። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ገልብጠህ እይ፣ አንድ መስመር ስፌት ብቻ ከሆነ ተወው፣ ተደጋግሞ መሰፋት አለበት፣ ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዛ ላይ ነው። ዚፑን ማዕዘኑ ላይ ደጋግመህ ክፈት ዝጋ። ለልጆቹ ስትገዛ የጎን ኪሱ ውስጥ ያለውን ኮዳ ቦርሳውን ሳያወርዱ በራሳቸው እጅ ማውጣት መቻላቸውን አረጋግጥ ምክንያቱም ማውጣት የከበደው ልጅ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። ቀለሙ ደሞ ቀይ ወይ ብርቱካናማ ወይ ቢጫ ይሁን፣ ወፍ ዋሻ ጽዱና ዝግባው ጥቅጥቅ ባለበት ጉም ሲወርድ ጥቁርና አረንጓዴ ቦርሳ ያዘለ ልጅ 30 ሜትር ላይ አይታይም።

ፊሽካውን ዝም ብለህ አትስጣቸው፣ አስተምራቸው፣ ከጠፋህ ባለህበት ቁም፣ አንድ ዛፍ ይዘህ ጠብቅ፣ ሶስት ጊዜ ንፋ፣ ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ሶስት ጊዜ። ሶስት ጊዜ መንፋት በብዙ አገር የእርዳታ ጥሪ ነው። ድምፅ ይደክማል፣ የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ ደሞ ጫካ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፣ ፊሽካ ግን ይሄዳል። ቤት ግቢ ውስጥ ተለማመዱት፣ ጎረቤቶችህን አስቀድመህ ንገራቸው።

በናንተ ቦርሳ የሚቀረው ፋሻና ፕላስተር፣ የልጆቹ የትኩሳት መድኃኒት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ተለዋጭ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቆሻሻ መመለሻ ላስቲክ ነው። ባትሪውን ቀን ነው የምንመለሰው ብለህ አትተወው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 9 ሰዓት ላይ ለመመለስ አስቡ፣ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል፣ ጫካ ውስጥ ደሞ ከዛም ቀደም ይላል፣ ከ4 አመት ልጅ ጋር የሁለት ሰዓት መንገድ አራት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጫካው ውስጥ ሳማ ስላለ ልጆቹ ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ ጂንስ ግን አይሁን፣ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም ይከብዳልም።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ፣ የ10 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ ጣርማ በር ላይ ጭላዳ እናሳየው እያለ ነው፣ ዘመዶቻችን ደሞ ከውጭ ብረት ያለው የልጅ መሸከሚያ እንላክላችሁ ይላሉ። እናቴ አንቀልባ እያለ ምን ያደርግልሻል ትለኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአጭር መንገድ እናትሽን ስሚ። አንቀልባ በጥሩ ሁኔታ ሲታሰር የልጁን ጭን ከፈት አድርጎ ጉልበቱን ከመቀመጫው ከፍ ያደርገዋል፣ ለህፃን ዳሌ የሚመከረውም አቀማመጥ ይሄው ነው፣ ሰውነትሽ ላይ ስለተለጠፈም ይሞቀዋል። ድካሙ አንቺ ላይ ነው፣ የወገብ ቀበቶ ስለሌለው ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ትከሻና ደረትሽ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ ተቀባበሉት።

ብረት ያለው መሸከሚያ ጥቅሙ ረጅም መንገድ ላይ ነው፣ ቀበቶ አለው፣ ጥላ አለው፣ መሬት ላይ ሲቀመጥ ራሱን ችሎ ይቆማል። ግን ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥና አንገቱን በደንብ መያዝ የቻለ መሆን አለበት፣ ያንቺ ልጅ 10 ወሩ ስለሆነ ይሄን ሳያልፍ አይቀርም። ከላኩልሽ የእግር መርገጫ ያለውን ይላኩ፣ እግሩ ሲንጠለጠል ቀበቶው ጭኑ ላይ ደሙን ይይዘዋል፣ እግሩም ይበርደዋል።

ብዙ ወላጅ የማያስበው ነገር ይሄን ነው፣ አንቺ ዳገት እየወጣሽ ያልብሻል፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ነው ያለው፣ ምንም ሙቀት እያመነጨ አይደለም። አንቺ ሹራብሽን ስታወልቂ እሱን አታውልቂው፣ እንዲያውም ከአንቺ አንድ ልብስ ይጨመርለት፣ በተለይ ብረቱ ላይ ከሆነ ከገላሽ ስለሚርቅ። በየግማሽ ሰዓቱ እጅሽን አንገቱ ስር ከኋላ አስገብተሽ ሙቀቱን እዪ፣ መዳፉና እግሩ ብቻውን አይነግርሽም። ስታዝይውም አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ተጠንቀቂ፣ ትንፋሹን ያጥርበታል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩም ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፣ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ ባለ ሰፊ ጠርዝ ኮፍያ የግድ ነው፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አይጎዳም የሚባለው ልክ አይደለም።

ጭላዳዎቹን በተመለከተ ምግብ እንዳትሰጧቸው፣ ዋና ምግባቸው ሳር ነው፣ ዳቦና ሙዝ የለመደ ጭላዳ ደሞ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል። ሙዙን ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ትልቁ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ቀረብ ብላችኋል ማለት ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ባለሱቁ ዋተርፕሩፍ ነው ብሎ የሸጠልኝ ቦርሳ ውስጥ ያለው ሁሉ ረጠበ። ተታልዬ ነው?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጨርቁ ከውስጥ ውሃ የማያስገባ ቅብ ሊኖረው ይችላል፣ ውሃው የሚገባው ግን በስፌቱ ቀዳዳና በዚፑ ነው። ተራ የእግር ጉዞ ቦርሳ ረጅም ዝናብ አይችልም፣ ውድ የሚባለውም ጭምር። መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ቦርሳው ውስጥ እንደ ገበር አስገብተህ ዕቃውን እሱ ውስጥ ክተትና አፉን ጠምዝዘህ እጠፈው። ከላይ የሚለበሰው የቦርሳ ዝናብ ልባስም ጥሩ ነው ግን ነፋስ ይነጥቀዋል፣ በጀርባህ በኩል የሚወርደውን ውሃም አይከላከልም፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትለኝ የውስጡን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ለልጅ ልጆቼ የመንዝ ጓሳን ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ፣ 8 እና 11 አመታቸው ነው። ቆላ ስለሆንን ብርድ ልብስ የሚባል ነገር እንኳን ብዙ የለንም። ምን እናዘጋጅ? ለኔስ ጉልበት?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን አሰቡት፣ ጓሳ ለልጅ የሚያሳዩት ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮውን ባያገኙት እንኳን ጭላዳውን፣ ጅብራውንና የመንዝ ሰው ቆሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ስርዓት ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ያቆየውን ሳር ያያሉ። እርስዎ መምህር ስለሆኑ ይሄን ከማንም በላይ ያስረዷቸዋል።

ወደ ልብሱ ልግባ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከቤትዎ ሲወጡ 28 ዲግሪ ከነበረ እዛ ሲደርሱ 15 እና 16 ቢያገኙ ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ደሞ ከዛ በጣም ያነሰ ሆኖ ነው የሚሰማዎት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ውርጭ አለ። ስለዚህ ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመውረዳችሁ በፊት ይልበሱ፣ ልጆቹንም ያልብሱ።

ለዚህ አዲስ ልብስ መግዛት የግድ አይደለም። ከገላ ጋር የሚነካው ጥጥ ባይሆን ይሻላል፣ ጥጥ ላብ ይዞ ይቆይና ቆም ሲሉ ያቀዘቅዛል፣ ልጆቹ የእግር ኳስ ማልያ ይኖራቸዋል አይደል፣ እሱ ፖሊስተር ስለሆነ ለዚህ ስራ በጣም ጥሩ ነው። ከሱ ላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም ላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል፣ የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለውን ካባ የሚሰራው በምክንያት ነው፣ እረኞቹም ዝናብ ሲመጣ ገሳ ደርበው ነው የሚውሉት፣ ከላይ ውሃውን የሚያወርድ ከውስጥ የሚያሞቅ፣ እኛም ከዚህ የተለየ ነገር አናደርግም። ጋቢዎን ግን ይያዙት፣ ምሳ ላይ ቁጭ ስትሉ ሶስታችሁንም ያለብሳል፣ ብቻ ዝናብ አይንካው ምክንያቱም የረጠበ ጋቢ ከባድ ነው አያሞቅምም፣ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ይያዙት። ለልጆቹ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና የእጅ ሹራብ አይርሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ቀስ ይበሉ። ከቆላ በአንድ ጠዋት 2,000 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ለሰውነት ቀላል አይደለም፣ እዛ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሶስተኛ አካባቢ ነው። ቢችሉ ደብረ ብርሃን ወይም መሃል ሜዳ አንድ ሌሊት አድራችሁ ብትነሱ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ የመጀመሪያውን ሰዓት ከልጆቹ ጋር እያወሩ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ይሂዱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ልጅ ምግብ እምቢ ማለትና ያለ ምክንያት መነጫነጭ የከፍታ ምልክቶች ናቸው፣ ካረፋችሁም በኋላ ካልተሻለ መፍትሄው መውረድ ነው፣ ትንሽ እንታገስ አይባልም። ግፊት ወይም የልብ ነገር ካለብዎት ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ለጉልበትዎ ዱላ ይያዙ፣ ቁልቁለት ላይ ነው ጉልበት የሚጎዳው፣ ዱላ ከዛ ላይ የተወሰነውን ሸክም ይቀንሳል። ሁለት ቢሆን ከአንድ ይሻላል። ልኩ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ዱላውን ሲይዙ ክርንዎ 90 ዲግሪ ከታጠፈ ትክክል ነው፣ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ረዘም ቢል ይመረጣል። ከዘራዎ ለዚህ ሊያጥር ይችላል። ጫማው አዲስ አይሁን፣ የልጆቹም የርስዎም፣ ጣት ፊት ለፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑረው፣ ጥፍርም ከጉዞው በፊት ይቆረጥ፣ አለበለዚያ ቁልቁለቱ ላይ ጥፍር ይጠቁራል። ለልጆቹ ኮንጎ ጫማ አያድርጉላቸው፣ ውሃውን ይችላል ግን ለረጅም መንገድ እግር ይልጣል።

ስልክዎን ከቦርሳ ይልቅ የውስጥ ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ኔትወርክም በየቦታው ስለሌለ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ነግረው ይውጡ።

ጥያቄ፦ በፆም ወቅት ለልጆችም ለኛም የሚሆን፣ የማይበላሽ፣ ቦርሳ የማያጣብብ ምግብ ምን አለ? የወንዝ ውሃስ መጠጣት ይቻላል?

መልስ፦ በሶ! ከዚህ የተሻለ ነገር ለማንም አልመክርም፣ የተቆላ ገብስ ስለሆነ እዛው በውሃ ይበጠበጣል ወይም በጥቂት ውሃና ጨው ጨብጦ ይያዛል፣ እሳት አይፈልግም፣ ትንሽዬ ከረጢት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ጭብጦውን ጠዋት ቤት ሰርታችሁ ለየብቻ ብትጠቀልሉት ልጆቹ እየሄዱ ይበሉታል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ ይጨመር። ከ5 አመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎና ኦቾሎኒ እየተራመደ አይብላ፣ ሊያንቀው ይችላል፣ ቁጭ ብሎም ቢሆን ለሱ ዳቦው ይሻላል። ወጥ ያለው ምሳ ዕቃ አልመክርም፣ ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል። ፔርሙስ ሻይ ከባድ ነው ግን ብርድ የመታውን ልጅ ቶሎ ይመልሰዋል፣ ስለዚህ አንድ ትንሽ ያዙ።

የወንዝና የምንጭ ውሃ ሳይታከም አትጠጡ፣ ላዩ ጥርት ቢልም ከብት ከላይ ሊኖር ይችላል። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የምታፈሉ ከሆነ በኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

ጥያቄ፦ አዲስ ቦርሳ የመግዛት አቅም የለኝም፣ ሳልቫጅ ልግዛ ወይ?

መልስ፦ ግዢ እንጂ፣ ጥሩ ጥሩ ቦርሳ እዛ ነው የሚገኘው፣ ከአዲሱ ርካሽ ቦርሳ ያገለገለው ጥሩ ቦርሳ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጠዋት ገና እሽጉ ሲፈታ ሂጂ። የትከሻውን ስፖንጅ ጨምቀሽ ልቀቂው፣ ተመልሶ ካልተነፋ አልቋል። ዘለበቶቹ ሁሉ መኖራቸውን እዪ፣ አንድ ቢጎድል ጫማ ሰፊ ይተካዋል፣ ዚፑ ከተበላሸ ግን ማስቀየሩ ከባድ ነው። ከዛ ቦርሳውን ከፍተሽ እጅሽን ውስጡ አስገቢና ጨርቁን ዳብሺው፣ ካጣበቀሽ ወይም ነጭ ነጭ ቅርፊት እጅሽ ላይ ከቀረ ቅቡ እየተላጠ ነው፣ የሚሸት ከሆነም ታጥቦ አይለቅም፣ ያኔ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዪውና ሌላውን እዪ።